እንዝርቷ የወደቀባት ትናገር

በዚያ የፈታዮች ክፍል አንድ ሕግ ነበር። እንዝርቷ የወደቀባት ሴት የእንዝርት ስም ከየት እንደመጣ ትናገራለች። ሳትናገር እንዝርቷን ከወለሉ ማንሳት አይፈቀድላትም፤ ከዚህ ቀደም ሌላዋ የተናገረችውን መድገምም ክልክል ነው።

ሕጉን ያወጡት የክፍሉ አለቃ ናቸው። ቁመታቸውና ወርዳቸው እኩል ስለሆነ ከጀርባቸው እማማ ልቃቂት ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን እማማ ብቻ ነው፣ ማን ይደፍራል። ድሮ ክር በተበጠሰ ቁጥር ሴቶቹ ይራገሙ ነበር። ጥጡን ይራገማሉ፣ ጥጥ ሻጩን ይራገማሉ፣ አንዷማ ባሏን ትራገም ነበር፤ ባሏ ደግሞ ከታች ፎቅ ሸማኔ ነውና ሁሉን ይሰማል። እማማ ልቃቂት አንድ ቀን መረራቸውና «ከምትራገሙ አውሩ» አሉ። ለምን የእንዝርትን ስም ጉዳይ እንደመረጡ ሲጠየቁ፣ «መልሱን የሚያውቅ ስለሌለ አያልቅባችሁም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። አላለቀም።

እንዝርት እንግዲህ ቀጭን ዘንግ ናት፣ አንድ ጫፏ ላይ ክብ እንጨት የተሰካባት። ጭን ላይ አሽከርክረው ሲለቋት አየር ላይ ተንጠልጥላ ትሾራለች፤ በመሾሯም ከእጅ የሚወርደውን ባዘቶ፣ የተነደፈውን ጥጥ፣ እየጠመዘዘች ክር ታደርገዋለች። ክሩ ከተበጠሰ ግን ወለሉ ላይ ጠብ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ባለቤቷም ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

ስንቱ ተወራ መሰላችሁ። እማማ ልቃቂት ራሳቸው፣ የመጀመሪያዋ ፈታይ አፏ የማያርፍ ሴት እንደነበረችና ባሏ እጇ ሥራ ከያዘ አፏ ያርፋል ብሎ ዘንጓን እንደጠረበላት ተናግረዋል። አፏ አላረፈም፤ ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ ከቤት ሲወጣ የጮኸው ጩኸት ነው የመሣሪያው ስም ሆኖ የቀረው። ለፍላፊት የምትባለው ደግሞ፣ ንጉሥ ፊት ሲሾር ሲሾር ልቡ ቀጥ ብሎ የሞተ ጨፋሪ ነበር አለች፣ ስሙም የሟቹ ስም ነው። ጨፋሪው ሲሞት እንዴት እንደወደቀ ተነስታ አሳየች፤ ያን ዕለት ከምሳ በፊት አንድም ክር አልተፈተለም። አዲሷ ደግሞ አለች። ከመጣች ዘመን ቢያልፋትም ከእሷ በኋላ ሌላ ስላልተቀጠረ አዲሷ እንደተባለች ቀርታለች። የእሷ ነገር ሁሉንም አስንቋል። እንዝርት ሰውነቷ ቀጭን፣ ጭንቅላቷ ትልቅ የነበረች አንዲት አማት ናት አለች። ምራቶቿ ሲመራቸው በመልኳ ዘንግ ጠርበው፣ በስሟም ጠርተው ቀኑን ሙሉ ያሾሯት ጀመር። መሬት ስትወድቅባቸውም «ይቅርታ እማዬ» ይላሉ። ይህ ከተወራ ወዲህ በክፍሉ ያሉት ባለ አማቶች ሁሉ እንዝርታቸውን የሚያሾሩበት ጉልበት ጨመረ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚያ ክፍል ግን እያደር የሚጠራው ውሸቱ ነበር።

ከሁሉም መሀል አንድም ቀን ያልተናገረች አንዲት ሴት ነበረች። አይበጠሴ ይሏታል። ከገባች ጀምሮ ክሯ ተበጥሶ አያውቅም፣ እንዝርቷም የወለሉን ጠረን አታውቀውም። ሸማኔዎቹ ክር ሲወስዱ «የአይበጠሴን ስጡን» ብለው ይሻሙ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ቀጭን ፈታይ፣ እጀ ወርቅ እያሉ ያሞግሷታል፤ ሲያሞግሷትም ትንሽ ይቆጫቸዋል፣ ምክንያቱም የሁሉንም ውሸት ስትሰማ ኖራ የራሷን አልከፈለችም።

እውነቱን እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። ክሯ የማይበጠሰው በሙያ አይደለም። በፍርሃት ነው።

አይበጠሴ ሰው ፊት መናገር አትችልም። ሦስት ሰው ዓይኑን ከተከለባት ምላሷ ይተሳሰራል፣ ከተፈታም የሚፈታው በማይሆን በኩል ነው። በታናሽ እህቷ ሠርግ ላይ እንኳን ደስ አላችሁ ልትል ተነስታ «ነፍስ ይማር» ብላለች። ትዳሩ እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ የሙሽራው ዘመዶች ግን መንገድ ላይ ሲያይዋት ይሻገራሉ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ስለምትኖር ደግሞ በቤቷም ምላሷን የምታለማምድበት ሰው የላትም። የሰውን ውሸት መስማት ደስ ይላታል። ውሸት አይዋጥላትም ማለት አይደለም፤ ይዋጥላታል፣ አይወጣላትም እንጂ። ስለዚህ ወደዚህ ክፍል በገባች ቀን ሕጉ ሲነገራት፣ መዳኛዋ አንድ ብቻ እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ አለመጣል። ጣቶቿ እንደ ዓይን ማየት፣ እንደ ጆሮ መስማት ጀመሩ። ክሩ ሊሳሳ ሲያስብ እንኳ ቀድመው ያውቃሉ።

እንዲህ ሆኖ እያለ ነው ሰውዬው የመጣው።

ከመዝገበ ቃላት መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት አለ፣ በሩ ላይ ቆሞ። ጸጉሩ ገብስማ፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ በእጁ ትንሽ መቅረጸ ድምፅ የያዘ ሰው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከከተማው ክፍል ሁሉ መርጦ ወደዚያ ክፍል ገብቶ፣ እጅ ነስቶ እንዲህ አለ፦

«የመጣሁት የእንዝርት ስም ከየት እንደመጣ እናንተን ለመጠየቅ ነው።»

ሴቶቹ ሁሉ ወለሉን አዩ።

«የማን ወደቀ?» አለች ለፍላፊት።

«የማንም አልወደቀም» አለች አዲሷ፣ ከወንበሯ ሥር ሳይቀር ፈልጋ።

«ታዲያ ሰውዬው ምን ሆኖ ነው የሚጠይቀን?»

ሰውዬው የባሰ ግራ ገባው። አንዴ እማማን፣ አንዴ ለፍላፊትን ሲያይ መቅረጫው ከእጁ አመለጠና ክፍሉ መሀል ጠብ አለ። ሊያነሳው ሲያጎነብስ እማማ ልቃቂት እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆይ ጌታዬ፣ እንዳይነኩት። እዚህ ቤት ዕቃ የጣለ ሰው ይናገራል።»

«ምን ልናገር?»

«የእንዝርት ስም ከየት መጣ?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበና ሳቀ። «አላውቅም» አለ።

በዚያ ክፍል እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ሰው አላውቅም ሊል እንደሚችል ያሰበም አልነበረም። እማማ ልቃቂት ፊታቸውን አጨፈገጉ። «እንደሱ አይባልም» አሉ። ሰውዬው ግን እንደ ትልቅ ዕውቀት ደገመው፦ «የእውነቴን ነው፣ አላውቅም። ባውቅ መች እመጣ ነበር?»

የአይበጠሴ እንዝርት አየር ላይ ወላወለች። ጣቶቿ ሳያስነቁባት ይዘው አስተካከሏት፤ ልቧን ግን የሚይዝላት አልነበረም። ይህን ሁሉ ዘመን ሸክም ያደረገችውን ነገር ይህ ሰው እንደ ዋዛ ከአፉ አወጣው፣ መብረቅም አልወረደበት። ያን ጊዜ ወደደችው። ሌላ አማርኛ የለውም፤ ወደደችው።

እማማ ልቃቂት ፍርዳቸውን ሰጡ። እስኪናገር መቅረጫው ካለበት አይነሳም። «እስኪያውቁ ድረስ እዚህ ቁጭ ብለው ይስሙ» ብለው ዱካ አስቀረቡለት። ሲመሽም መቅረጫውን ትቶ ሄደ። እማማ አቧራ እንዳይገባበት ቁራጭ ሸማ አለበሱት።

በነጋታው መጣ። በማግሥቱም መጣ። ሴቶቹ ከሁሉ ነገር ላይ ከየት መጣ፣ ከየት መጣ ስለሚል አቶ ከየት ብለው ስም አወጡለት። የአንዷ እንዝርት በወደቀ ቁጥር መቅረጫው ወዳለበት ጎንበስ ብላ ትናገራለች፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው እንደሚያነጋግር። የሰው ጆሮ እንዳገኙ ሲያውቁ ደግሞ ክር መበጠስ ሥራ ሆነ። ለፍላፊት በአንድ ረፋድ የእንዝርትን ስም ለሦስት የተለያዩ መንደሮች፣ ለአንድ ሽኮኮና ለአንድ የተናደደ አናጢ ሰጠች። አንዲት ጆሮዋ የደከመ ፈታይ ስሙ የመጣው እንዝርት ስትሾር ከምታሰማው ድምፅ ነው ባለች ጊዜ አቶ ከየት ከዱካው ተነሳ። «ይህ የሚያስኬድ ነው» አለ፣ ዓይኑ በርቶ። ሁሉንም ዝም አሰኝቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከና እንዝርቷ ስትሾር አዳመጠ። ከቆየ በኋላ ምንም ድምፅ እንደማይሰማው አመነ።

«እኔ ግን እሰማዋለሁ» አለች ሴትዮዋ።

ትርጉሙንም ጠየቀ። ሥራ የሚያራውጣትን ሴት እንደ እንዝርት ትሾራለች እንላለን አሉት። ቀጭን እግርንም በእሷ እናማለን አሉት፣ የእሱን እግር እያዩ። አቶ ከየት ሱሪውን ወደ ታች ሳብ አደረገ። ሞኝ አልነበረም፤ ስሙ ስንት እናትና አባት እንዳለው ሲቆጥር የነገሩ አካሄድ ገብቶታል። ግን አልተቆጣም፣ መምጣቱንም አልተወም። የሚስቀው ከሁሉ ቀድሞ ነው።

ሁሉም ተናግረው አንድ ዙር ሲያልቅ ወደ መስኮቱ ጥግ፣ ወደ አይበጠሴ ዞረ።

«እሳቸውስ?»

«እሷ አይወድቅባትም» አሉ እማማ ልቃቂት። «የወደቀባት ናት የምትናገረው። ግድ ማለት የለም።»

«እጠብቃለሁ» አለ አቶ ከየት። ዱካውን አንስቶ አጠገቧ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

እንግዲህ የአይበጠሴን ጣጣ ተመልከቱ። ክሯ ቢበጠስ መናገር ሊኖርባት ነው፣ መናገር ደግሞ አትችልም። ይህ የቆየው ፍርሃቷ ነው። አዲሱ ግን ከዚያ የባሰ ነው። የሁሉንም ሰምቷል፣ የቀረችው እሷ ናት። እሷ ከጣለች ሥራውን ይጨርሳል፤ ከጨረሰ ይሄዳል። ካልጣለች ነገም ይመጣል። ስለዚህ በሕይወቷ ፈትላ የማታውቀውን ክር ፈተለች። በመጣ ቁጥር ይበልጥ ትጠነቀቃለች፣ ክሩም ይበልጥ እየቀጠነ፣ ይበልጥ እየጠነከረ ሄደ። ከታች ያሉት ሸማኔዎች ምን ነክቷት ነው እያሉ ተደነቁ።

አቶ ከየት እየጠበቀ ያወራላታል። «ሀ ላይ ስንጀምር ጸጉሬ ጥቁር ነበር» አላት አንድ ቀን። «አሁን እ ላይ ደርሰን ይኸው እንደሚያዩት ነው። ፐ ላይ ስንደርስ ምን እንደሚተርፍ እንጃ።» ሳቅ እስከ ጉሮሮዋ መጣ። ከሳቀች ግን እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እጇ ከተንቀጠቀጠ ክሩ ይበጠሳል፤ ከተበጠሰ ይሄዳል። ከንፈሯን ነክሳ ሳቁን መለሰችው። ፊቷ ጥርስ እንዳመመው ሰው ኮሶ መሰለ። አቶ ከየት አያትና ዱካውን ትንሽ ከእሷ አራቀ።

ሌላ ቀን ደግሞ የሞተች ሚስቱ ስለ ቃላት የሚያወራው ሲሰለቻት «እስቲ ዛሬ እንኳ ተራ ወሬ አውራኝ» ትለው እንደነበር ነገራት። አይበጠሴ ልትመልስለት የፈለገችው ብዙ ነበር። «እኔ አይሰለቸኝም» ልትል አሰበች። ቃሉን ከሆዷ እስከ ምላሷ ድረስ በሰላም አደረሰችው፣ ከዚያ ግን ለፍላፊት ወደ እነሱ ስታይ አየችና «እ» ብቻ አለች። ማታ ቤቷ ገብታ ለግድግዳው ሁሉንም ነገረችው።

ሰማያዊ ሻሽ ማሰር ጀመረች። በየሳምንቱ የምትታጠበውን ጸጉሯን ቶሎ ቶሎ ታጥበው ጀመር። ሴቶቹ እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልጋቸውም።

አንድ ዓርብ ጠዋት አቶ ከየት ገብቶ ሳይቀመጥ ቆመ። «ዛሬ የመጨረሻዬ ነው» አለ። «ከሥራ መውጫ ላይ መቅረጫዬን ይዤ እሰናበታለሁ።» ያለውን ለሁሉም ነበር ያለው፣ ዓይኑ ግን ወደ መስኮቱ ነበር።

አይበጠሴ አሁን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠባት። ባትጥልም መሄዱ ካልቀረ አለመጣሏ ምን ያደርግላታል? ዛሬ ካልጣለች አንድም ቃል ሳትነግረው በዚያ በር ሊወጣ ነው። መጣል አለባት።

መጣል ግን እንቢ አላት። ባዘቶውን አሳስታ ሳበችው፤ ጣቶቿ ሳታዛቸው አወፈሩት። እንዝርቷን በኃይል አሾረቻት፤ ክሩ ጥምዘዛውን ሁሉ ጠጥቶ ዝም አለ። ዓይኗን ጨፍና ለቀቀቻት፤ ሌላኛው እጇ መጥቶ ያዛት። ይህን ሁሉ ዘመን አትጣሉ ብላ ያሠለጠነቻቸው ጣቶች ዛሬ ጣሉ ብትላቸው አልሰማ አሉ። ውሻ እንኳ ጌታውን ይሰማል፤ የገዛ እጇ ከዳት።

ለፍላፊት ፊቷን አይታ ነገሩ ገባት፣ ለአዲሷም በዓይኗ ነገረቻት። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ተንቀሳቀሰ። አዲሷ ከጆንያው ሥር ፍሬ የበዛበትን፣ እንኳን ለፈትል ለፍራሽ የማይሆነውን ጥጥ ፈልጋ በአይበጠሴ ባዘቶ ቀየረችው። አይበጠሴ ምስጋና በተሞላ ዓይን አየቻትና ያን ጥጥ ፈተለችው፤ ሐር መስሎ ወጣ። ለፍላፊት ውሃ ልጠጣ ብላ ተነስታ ስታልፍ በክርኗ ገፋቻት። እንዝርቷ ዘለለች፣ ዞረች፣ አቶ ከየትን ጉልበቱን መታችው፣ ተመልሳም መሾሯን ቀጠለች። ጆሮዋ የደከመችው ሴት ነገሩ ባይነገራትም እንደተነገራት ሁሉ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። የሁሉም ባዘቶ በአየር ተበተነ፣ የአራት ሴቶች እንዝርት ወደቀ፣ የአይበጠሴ ሻሽ ተፈታ፤ ክሯ ግን ነፋሱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። እነዚያ ሁሉ ሴቶች አብረው አንዲት ክር መበጠስ አቃታቸው።

እማማ ልቃቂት ሁሉን እያዩ አላዩም። ሕጉ ስለ መግፋት የሚለው ነገር አልነበረም።

መውጫ ሰዓት ደረሰ። አቶ ከየት ኮቱን ለብሶ ወደ ክፍሉ መሀል ሄደ። ሸማውን ከመቅረጫው ላይ ሲገልጥ እማማ ልቃቂት ተነሡ።

«አልተናገሩም እኮ።»

«እማማ፣ መቅረጫው የመንግሥት ነው። ይፈለጋል።»

«ቃሉስ?»

«ቃሉ ተዘግቷል።»

«ዛሬ?»

አቶ ከየት ጫማውን አየ። «ከተዘጋ ሰንብቷል» አለ።

«ምን ብለህ ጻፍከው?» አለች ለፍላፊት፣ አንቱታውን ረስታ። «የጨፋሪውን ነው ወይስ የአማትዬዋን?»

«የስሙ መነሻ አይታወቅም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ክፍሉ ተንጫጫ። «አይታወቅም? እኔ ያን ሁሉ የነገርኩህስ?» አለች ለፍላፊት። አዲሷም አማትየዋን ለመፍጠር የራሷን አማት ስንት ቀን እንዳየቻት፣ እንዲህ ያለ ውለታ ቢስ እንዳላጋጠማት ተናገረች። እማማ ልቃቂት ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። እሳቸው ያሰቡት ሌላ ነው።

«ከተዘጋ ከሰነበተ፣ ሲመላለሱ የነበሩት ለምንድን ነው?»

አቶ ከየት ኮቱን ቆለፈ፣ መልሶ ፈታው።

«አንድ የቀረችኝ ሰው ነበረች» አለ በመጨረሻ። «ካልተናገረች አልሄድም ብዬ ነበር። ግን ሰው መናገር ካልፈለገ በግድ አይሆንም። እኔ ስመጣ እንዴት እንደምትጠነቀቅ አያለሁ። ያወራሁላትም ሁሉ ጥርሷን የሚያሳምማት ይመስላል። የሰው ፊት ማንበብ አያቅተኝም።»

አይበጠሴ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ይህ ሰው ሀ ብሎ እስከ እ የሰውን ቋንቋ ሁሉ ለቅሞ፣ የእሷን ፊት እንዲህ አገላብጦ ማንበቡ። ሁለተኛ የመጣባት ድንጋጤ ነው። ሦስተኛ የሚመጣውን አልጠበቀችም። ጎንበስ ብላ እንዝርቷን ወለሉ ላይ አኖረቻት።

«ወደቀብኝ» አለች።

ድምጿን ብዙዎቹ በቅጡ የሰሙት ያን ጊዜ ነው። እማማ ልቃቂት አንገታቸውን ወዘወዙ። «አልወደቀብሽም ልጄ፤ አስቀመጥሻት እንጂ። ክሩም አልተበጠሰም።»

አይበጠሴ ክሩን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው። አልሆነም። ጣቷ ላይ ጠምጥማ ጎተተችው፤ ጣቷ ነጣ እንጂ ክሩ ንክች አላለም። በመጨረሻ ወደ አፏ ወስዳ በጥርሷ በጠሰችው።

«ተበጠሰ» አለች፣ አፏ ላይ የቀረውን ብናኝ እያነሳች።

«ተበጥሷል» አሉ እማማ። «በይ ተናገሪ። የእንዝርት ስም ከየት መጣ?»

ሁሉም አያት። ምላሷ ሲተሳሰር ተሰማት። ነፍስ ይማር የሚለው እንዳያመልጣት ፈራች። ከዚያ ዓይኗን ከሴቶቹ አንስታ እሱ ላይ ብቻ ተከለች፤ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ይቀላል።

«አላውቅም» አለች። እማማ ልቃቂት አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደመቻቸው። «እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ከወደቀብኝ ጨርሰው ይሄዳሉ ብዬ ነው ያልጣልኩት። እንዲመጡ ብዬ ነው። ጥርሴንም አላመመኝም፣ ሳቄን ይዤ ነው። የሚያወሩት አይሰለቸኝም። ቢመጡ ደስ ይለኛል።»

የሚሾር እንዝርት አልነበረም። ለፍላፊት እንኳ ዝም አለች፤ ያን ዕለት ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

አቶ ከየት ገብስማ ጸጉሩን በእጁ ወደ ኋላ አደረገ። አንድ ቃል ከአፉ ለማውጣት ሞከረ፣ ሳይሆንለት ቀረ፣ እንደገና ሞከረ። ቃል መሰብሰብ ሙያው የሆነ ሰው ቃል ሲያጣ ማየት ደስ ይል ነበር።

«እኔ እኮ» አለ፣ «መሥሪያ ቤት ጥርስ ሐኪም ጋ ነኝ እያልኩ ነው የምመጣው። አንድ ጥርስ እንኳ የቀረህ አይመስለንም ይሉኛል።»

በዚህ ጊዜ አይበጠሴ ሳቀች። የተጠራቀመው ሁሉ ነው የወጣው፤ ከታች ፎቅ ሸማኔዎቹ ሥራ አቁመው ወደ ጣሪያው አዩ።

«ተነግሯል» አሉ እማማ ልቃቂት። ጎንበስ ብለው መቅረጫውን በገዛ እጃቸው አንስተው ሰጡት። «ሁለታችሁም ውጡ። ለዛሬ ይበቃል።»

ደረጃውን አብረው ወረዱ። ከታች በሩ ላይ አቶ ከየት መቅረጫውን ኪሱ ከቶ ግራና ቀኙን አየ።

«ቤትሽ በየት በኩል ነው?» አላት።

አይበጠሴ ትንሽ አሰበች። «ሩቅ ነው» አለችው። «በዚህ በኩል ሆኖ በጣም ሩቅ ነው።»

ከላይ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ መስኮት ተጨናንቀው ያያሉ። የአይበጠሴ ቤት ከዚያው ከሕንፃው ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ በር ነው፤ ከመስኮቱ ሆኖ ቁልፉ እንኳ ይታያል። ሁለቱ እያወሩ መጡ። የምታወራው እሷ ነበረች። በሩ ጋ ደረሱ፣ አልቆሙም።

«ቤቷን እኮ አለፈችው» አለች ለፍላፊት።

«ወደ ቤቷ የምትሄድ መሰለሽ እንዴ?» አሉ እማማ ልቃቂት፣ መስኮቱንም ዘጉት።